አንገትህን ምን ሆነህ ነው?

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ። ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለነው። እጄን በሻይ ብርጭቆ ሳላሞቅ ጓንት አላጠልቅም። አንድ እናት ጥርሳቸውን ሊታከሙ እኔ ዘንድ ገቡ። ከመሐል ሜዳ ነው የመጡት፣ ዘመድ ቤት አድረው። ባና ደርበዋል። የታች መንጋጋቸው ነው። ሦስት ሳምንት አላስተኛቸውም። ቅርንፉዱንም ነጭ ሽንኩርቱንም ሞክረዋል።

ነቀልኩላቸው። ቀላል አልነበረም። ላዩ ተሰበረብኝና ሥሩን ለሁለት ከፍዬ አንድ በአንድ አወጣሁት። 40 ደቂቃ ፈጀ። እሳቸው አንዴም አላቃሰቱም። እኔ ደግሞ 40 ደቂቃ ሙሉ አንገቴን ወደ ቀኝ ሰብሬ ቆሜያለሁ። የታች ጥርስ እንዲያ ካላጎነበሱለት አይታይም።

ሰፍቼ ጨረስኩ። ጥጡን ነክሰዋል። ከንፈራቸው ገና እንደደነዘዘ ነው። በዚያ በግማሽ አፋቸው፣ «ልጄ፣ አንገትህን ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አልሆንኩም እማማ» አልኳቸው። ሳላስብ። ጓንቴን አውልቄ አንገቴን እያሻሸሁ እንደሆነ እንኳ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ዝም ብለው አዩኝ። ቆይተው፣ «እኔም ሦስት ሳምንት ምንም አልሆንኩም ስል ነበር» አሉ።

በቃ። ይህቺ ናት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔ ቀጣዩን ሰው አስገባሁ።

በቀደም አንድ ተማሪ ለመመረቂያው መጠይቅ ሰጥቶኝ ነበር። የጥርስ ሐኪሞች የኑሮ ጥራት ነው ርዕሱ። ጥያቄዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት ናቸው፣ 26 ናቸው። የመጀመሪያው፣ ኑሮህን እንዴት ታየዋለህ ይላል፣ ከ1 እስከ 5። 4 ላይ አከበብኩ። ሦስተኛው፣ ሕመም ማድረግ ያለብህን ነገር ምን ያህል ይከለክልሃል ይላል። ምንም አይከለክለኝም አልኩ። መቼም ሥራ ቀርቼ አላውቅም። ግን ማታ ልጄ ትከሻህ ላይ ልውጣ ስትለኝ ነገ እላታለሁ። ስንት ነገ አልኳት? እሱ ማድረግ ያለብኝ ነገር አይደለም እንዴ? እንደዚያ አላሰብኩትም ነበር።

አንገት ብቻም አይደለም። እኔ ጥርስ ላድን ነው የተማርኩት። ሰው ግን የሚመጣው ሲብስበት ነው፤ ቁጭ እንዳለ «ንቀልልኝ» ይላል። መሙላት ይቻል ነበር፣ ከስድስት ወር በፊት ቢመጣ። ምን ልበለው? መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብሩ የለም፣ አዝመራው አለ። እነቅላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ የነቀልኩትን እቆጥራለሁ... ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ይህን እየሰማሽ ከሆነ፣ ይቅርታ፣ ለአንቺ መንገር ነበረብኝ።

ደግሞ ማክሰኞ አንድ ልጅ መጥቶ ነበር፣ የሰባት ዓመት። የፊት ጥርሱን በመስታወት ሳሳየው እንዴት እንደሳቀ! ያን ቀን ማንም ቢጠይቀኝ 5 ነበር የምለው። እውነቴን ነው። ስለዚህ 4 ማለቴ ውሸት ነው ለማለትም አልደፍርም።

እናቶቻችን ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ። ሆድ እያዘነ ጥርስ ይስቃል ለማለት። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ጥርስ እያየሁ ስውል ግን ስለራሴ ጥርስ...

አላውቅም። እኚያ እናት በሚቀጥለው ሐሙስ ስፌቱን ሊያስወጡ ይመጣሉ። እንደገና ይጠይቁኛል፣ እርግጠኛ ነኝ። ምን እንደምላቸው ከአሁኑ እያሰብኩ ነው። እውነቱን ብነግራቸው ደግሞ በኔ ይጨነቃሉ፤ እሳቸው ታማሚ ናቸው፣ እኔ...

ቆይ። ልጄ ነቃች መሰለኝ። እየጠራችኝ ነው። መጣሁ የኔ እናት፣ መጣሁ...