ከመስቀል አደባባይ በ500 ሜትር ውስጥ ያለ ፋርማሲ፦ ፖስትጂአይኤስና ኪውጂአይኤስ በተግባር

(ስክሪን ላይ፦ የመሃል አዲስ አበባ ካርታ። ለገሃር፣ ስታዲየም፣ መስቀል አደባባይ፣ ካዛንቺስ።)

አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ ስንጠይቅ የቤት ቁጥር የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው። "ከስታዲየም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከባንኩ ፊት ለፊት" እንባላለን። የታክሲ ረዳቱም፣ ዕቃ አድራሹም በዚሁ ይግባባል። የቦታ ዳታቤዝ የሚባለው ነገር የሚመልሰውም እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው። ተራ ዳታቤዝ "ቂርቆስ" የሚል ጽሑፍ ፈልጎ ያመጣል። የቦታው ዳታቤዝ ግን አንድ ነጥብ ከቂርቆስ ወሰን ውስጥ መውደቅ አለመውደቁን ራሱ አስልቶ ይነግራችኋል።

ዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘን እንሠራለን። ከመስቀል አደባባይ በ500 ሜትር ውስጥ የትኞቹ ፋርማሲዎች አሉ?

መሣሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ኦፕን ሶርስ፣ ሁለቱም በነፃ። ፖስትጂአይኤስ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ፣ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ነው፤ የቦታ ጥያቄ እንዲመልስ የሚያደርገው እሱ ነው። ኪውጂአይኤስን ደግሞ ጋሪ ሸርማን እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የጀመረው፤ ካርታውን የምናየውና የምናዘጋጀው በሱ ነው። ዳታውን ማንም ሊያስተካክለው ከሚችለው ነፃ ካርታ፣ ከኦፕን ስትሪት ማፕ እንወስዳለን።

(ስክሪን ላይ፦ ኪውጂአይኤስ፣ የኩዊክ ኦኤስኤም ፕለጊን።)

ኪውጂአይኤስ ውስጥ ከኦፕን ስትሪት ማፕ ዳታ በሚያወርደው በኩዊክ ኦኤስኤም ፋርማሲ ብላችሁ ስትፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ የነጥብም የፖሊጎንም ሌየር ይመጣላችኋል። አንዱ ፋርማሲ በነጥብ፣ ሌላው በሕንፃው ቅርጽ ስለተመዘገበ ነው። ነጥቦቹን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ፖሊጎኖቹንም ወደ መሃል ነጥባቸው ቀይራችሁ ከነጥቦቹ ጋር አንድ ቴብል ውስጥ ክተቷቸው።

አሁን መስቀል አደባባይን ለዳታቤዙ እንንገረው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ 9.01፣ 38.76 አካባቢ ይላችኋል። መጀመሪያ ኬክሮስ፣ ቀጥሎ ኬንትሮስ። ፖስትጂአይኤስ ግን የሚፈልገው በተቃራኒው ነው፤ ኬንትሮሱ ይቀድማል። ቁጥሮቹን እንዳሉ ገልብጣችሁ ካስገባችሁ ነጥባችሁ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ያርፋል። ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። ስለዚህ ነጥብ በሠራችሁ ቁጥር ኪውጂአይኤስ ላይ ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው። "በ500 ውስጥ" ብላችሁ ስትጠይቁ 500 ምን? ከኦፕን ስትሪት ማፕ የመጣው ዳታ መለኪያው ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ዲግሪ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 500 ዲግሪ ማለት እንግዲህ መላው ዓለም ነው። ዳታቤዙ ቴብሉ ውስጥ ያለውን ፋርማሲ በሙሉ ያወርድላችኋል፣ የሐዋሳውንም የመቀሌውንም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

መፍትሔው ዳታውን መለኪያው ሜትር ወደ ሆነ ሥርዓት መቀየር ነው። ዩቲኤም የሚባለው ሥርዓት ዓለምን በዞን ከፍሎ በሜትር ይለካል፤ ለአዲስ አበባ ዞን 37 ሰሜን ይሆናል፤ ዳታቤዙ የሚያውቅበት ቁጥር 32637። ጋምቤላ ብትሆኑ ዞን 36 ነበር፤ ከሶማሌ ክልል ምሥራቁ ክፍል ደግሞ 38። የመስቀል አደባባይን ነጥብም እንደዚሁ ቀይሩት፣ አለዚያ ዳታቤዙ ሁለቱን አላነጻጽርም ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀደም ያሉ የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባል ሌላ የመለኪያ መነሻ (ዳተም) ነው የተሠሩት። እሱም ዞን 37 የሚባል አለው፤ ቁጥሩ ግን 20137 ነው። ሁለቱን ካምታታችሁ ሕንፃው ከቦታው ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። ከመሥሪያ ቤት ፋይል ስትቀበሉ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

(ስክሪን ላይ፦ ጥያቄው ሲሠራ፣ ነጥቦቹ ካርታው ላይ ሲበሩ።)

"በዚህ ርቀት ውስጥ ነው ወይ?" ብለን መጠየቂያው የፖስትጂአይኤስ ትእዛዝ ኤስቲ ዲዊዝኢን ይባላል። ርቀት በሚለካው በኤስቲ ዲስታንስ ለክታችሁ፣ ከዚያ "ከ500 ያነሰ" ማለትም ትችላላችሁ። መልሱ ያው ነው፣ ድካሙ ግን ሌላ። ሁለተኛው እያንዳንዱን ፋርማሲ አንድ በአንድ ይለካል። ኤስቲ ዲዊዝኢን የቦታ ኢንዴክስ (የት ምን እንዳለ የሚጠቁም ማውጫ) ከተሠራለት ሩቅ ያሉትን ሳይለካ ያልፋቸዋል፤ የሚለካው በአካባቢው የቀሩትን ብቻ ነው። ለአንድ ሰፈር ፋርማሲ ልዩነቱ አይታይም። የአዲስ አበባን ሕንፃዎች በሙሉ ስትጭኑ ግን ኢንዴክስ መሥራት ግድ ነው።

መልሱን ስታገኙ እንዲሁ አትመኑት። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንም ካዛንቺስንም ቀይሯቸዋል። ካርታው ላይ ያለ ፋርማሲ ዛሬ በቦታው ላይኖር ይችላል። እባካችሁ ሄዳችሁ እዩና ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ አስተካክሉት። አካውንት መክፈት በቂ ነው፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። በሌሊት መድኃኒት የሚፈልግ ሰው በተዘጋ በር ላይ እንዳይቆም የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።

ደግሞም የለካነው ቀጥታ መስመር ነው። ባቡሩ መሬት ለመሬት በሚሄድበት በኩል ማዶ ያለች ፋርማሲ በዓይን ትታያለች፣ ለእግረኛ ግን ማቋረጫው ድረስ ዞሮ መምጣት ነው። የእግሩን ርቀት ለማግኘት ፒጂራውቲንግ የሚባል ሌላ ተጨማሪ አለ፤ በመንገዶቹ መረብ ላይ ነው የሚያሰላው። በሚቀጥለው ቪዲዮ እነዚሁን ፋርማሲዎች ይዘን በእሱ እንለካቸዋለን።