«ተቀበል!» ሲባል የሚቀበል ተማሪ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከሌላ ቦታ ወደ ጎንደር የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ ችሎታ ነው የምናገረው። ሰው ፊት ቆሞ፣ እዚያው በዚያው መፍጠር። በሙዚቃውና በቲያትሩ ዓለም ኢምፕሮቫይዜሽን የሚሉት። ይህን የሚችል ሰው ስናይ «ሲፈጥረው ነው» እንላለን፤ ወሬው በዚያው ያበቃል። እኔ የሚማሩት ነገር ነው ባይ ነኝ። የሚማሩት ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤት ለምን አያስተምረውም?

እስቲ እዚሁ ከተማችን አንድ አዝማሪ ቤት እንግባ። አዝማሪው ቆሟል። ማሲንቆው ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ይቀበላል። ስንኙ ቢያነክስ እንኳ እያስተካከለ ነው የሚዘፍነው። በዚያው መሀል ዓይኑ ሥራ ላይ ነው። ማን ከማን ጋር መጣ? ማን ሳቀ? ማን አኮረፈ? ከዚያ ወደ አዝማቹ ይመለሳል። እኛ እናጨበጭባለን፣ እሱ ያረፈ ይመስለናል። እሱ ግን ቀጣዩን ስንኝ እየፈለገ ነው። አዝማቹ ጊዜ ይገዛለታል። ይህ በአንድ ሌሊት የሚመጣ ነገር አይደለም። ልጅ ሆኖ ከአባቱ፣ ከአጎቱ ሥር እየተከተለ፣ ቅኝቱን ከነስንኙ ሲሰማ አድጎ ነው።

ቅኔ ቤት ብንሄድም ያው ነው። በቅኔ ጎጃም ይቀድማል፣ ጎንደር ደግሞ በአቋቋም፣ በከበሮና በጽናጽል በሚታጀበው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ትታወቃለች፤ ይሁን እንጂ ቅኔ በእኛም አድባራት በየክብረ በዓሉ የሚሰማ ነው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ግሱን፣ አገባቡን ይይዛል። ከዚያ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ባለው ጉባኤ ቃና በሚባለው የቅኔ ዓይነት ይጀምራል። ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ተመልሶ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርሙታል፤ በማግስቱ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል። ትናንት ያቀረበውን ዛሬ መድገም አይሆንም። እስቲ ልብ በሉ፤ ሕጉ እጅግ ጥብቅ ነው፣ የሚጠበቅበት ግን በየቀኑ አዲስ ነገር ነው። የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ራሳቸው መምህር ሆነዋል።

ሳይንሱ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2008 ቻርልስ ሊም እና አለን ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 6 የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን የአንጎል ምስል የሚያነሳ ማሽን ውስጥ አስተኟቸው። ብረት የሌለው ትንሽ ኪቦርድ ሰጧቸው። ተጫዋቾቹ አንዴ የሸመደዱትን፣ አንዴ እዚያው የፈጠሩትን ተጫወቱ። ሲፈጥሩ፣ ራስን ከመቆጣጠር ጋር የሚያያዘው የፊተኛው አንጎል ክፍል ሥራው ቀነሰ፤ ራስን ከመግለጽ ጋር የሚያያዘው ደግሞ ጨመረ። 6 ሰው ጥቂት ነው፤ ከዚህ ብዙ መደምደም አልፈልግም። አንድ ነገር ግን አይዘለልም። እነዚህ ሰዎች ጀማሪዎች አልነበሩም። መቆጣጠሪያቸውን ማላላት የቻሉት ሙያው ከደማቸው ከተዋሐደ በኋላ ነው።

ኪዝ ሶየር የተባለ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ጥሩ ማስተማር ራሱ ሥርዓት ያለው የቅጽበት ፈጠራ ነው ሲል ጽፏል። መምህሩ ዕቅድ አለው፤ ቃል በቃል የሚያነበው ጽሑፍ ግን የለውም። የተማሪው ጥያቄ መንገዱን ያስቀይረዋል። መምህራን፣ ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ክፍሉ ጢም ብሏል፣ ምዕራፉ አላለቀም፣ ደወሉ ሊደወል ነው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ያልታሰበ ጥያቄ ትጠይቃለች። «በኋላ እንመለስበታለን» ትባላለች። የሚመለስበት ግን የለም። መምህሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለዚያች ደቂቃ ማንም አላሠለጠነውም።

ይቻላል ወይ ለሚል፣ በሰሜን ስፔንና በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚኖሩትን ባስኮች ልጥቀስ። ቤርቾላሪ የሚባሉ ገጣሚዎች አሏቸው። ርዕስ ይሰጣቸዋል፣ ጥቂት ያስባሉ፣ ከዚያ ቤት የሚመታ ግጥም በዜማ ያወርዳሉ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያገኙት የመጨረሻውን ስንኝ ነው፤ ከዚያ ወደ እሱ የሚያደርሰውን መንገድ ይሠራሉ። በዋናው ውድድር ፍጻሜ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አዳራሽ ሞልቶ ያዳምጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ማያሌን ሉሃንቢዮ የመጀመሪያዋ ሴት አሸናፊ ሆነች። ከሁሉ በላይ የሚያስቀናኝ ግን ይህ ነው፦ ጥበቡን ለልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተምሩታል።

የእኛስ አዝማሪ ስንኙን ከየትኛው ጫፍ ነው የሚጀምረው? ሙሾ አውራጇ ለቅሶ ቤት ደርሳ የሟቹን ታሪክ ከቤተሰቡ አፍ እየለቀመች ስንኝ የምታደርገው እንዴት ነው? ይህ የጥናት ርዕስ ነው። አጠገባችን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሙዚቃ፣ ሥነ ልቦና፣ አማርኛ የሚያጠኑ ወጣቶች አሉ። ባለሙያዎቹም እዚሁ ሰፈራችን ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን አርጅተዋል። ቶሎ ብለን ጎናቸው ቁጭ እንበል። ፈቃዳቸውን ጠይቀን እንቅረጽ፣ እንጠይቅ።

ለትምህርት ቤቶች የምለምነው ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስጡ። እንደ ጉባኤ ቃና በሁለት ስንኝ ጀምሩ። አንዱ ተማሪ «ተቀበል» ይበል፣ ሌላው ይቀበል፣ የቀረው ክፍል አዝማቹን ይያዝ። የተሰናከለ ልጅ አዝማቹ እስኪያልቅ ጊዜ አለው፤ አይሳቅበት። ማርክ አትስጡበት፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ሴሚስተር። አንድ የቅኔ መምህርና አንድ አዝማሪም ጋብዙ።

አዝማሪውን ስትጋብዙ ለመዝጊያ ጨዋታ አይሁን። አዝማሪ በዚህ አገር ሲጨበጨብለትም ሲናቅም ኖሯል። ጠመኔ እንደያዘ መምህር ፊት ለፊት ይቁም። «መምህር» ተብሎ ይጠራ፤ ሲጨርስም በግንባሩ ላይ ብር አትለጥፉ፤ እንደማንኛውም ተጋባዥ መምህር ፈርሞ ክፍያውን ይውሰድ።

አመሰግናለሁ።