ሁለት ስዋኖች በአንድ ግቢ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ሰሜን ለንደን ነን። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

(ምስል፦ ቀይ የሸክላ ሕንፃ፣ ከጀርባው ሰፊ መስክ)

ይሄ ሕንፃ ሲያዩት ገዳም ይመስላል። ግን ጎልደርስ ግሪን የሚባል፣ ከ1902 ጀምሮ አስከሬን የሚቃጠልበት ቦታ ነው። ነገሩ ለብዙዎቻችን እንደሚከብድ አውቃለሁ። እኛ «አፈሩን ያቅልልላት» ብለን ነው የምንሸኘው፤ እዚህ እሳቱ ይቀድማል።

ስለዚህ የዝነኛ መቃብር ፍለጋ ብትመጡ ሣር ላይ ስትዞሩ ትውላላችሁ። የዘ ሁ ባንድ ከበሮ መቺ ኪት ሙን በ1978፣ በ32 ዓመቱ ሞተ። አመዱ የተበተነው እዚሁ አትክልት ቦታ ነው። በሄደበት ሁሉ ሲረብሽ የኖረ ሰው፣ ወፍ ብቻ የሚሰማበት ግቢ ውስጥ!

(ምስል፦ አና ፓቭሎቫ በነጭ ላባ ልብስ)

እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነው። ስዋንን ታውቋታላችሁ አይደል? ያቺ አንገተ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍ። ሩሲያዊቷ ባሌሪና አና ፓቭሎቫ የምትሞት ስዋን ሆና በመደነስ ነው ዓለም ያወቃት። በ1931 ሄግ ከተማ ውስጥ፣ 50 ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ የሳንባ ምች ገደላት። ከሞተች በኋላ ትርዒቱ አልተሰረዘም ይባላል። ሙዚቃው ተጫወተ፣ መብራቱም እሷ ትረግጠው የነበረውን ቦታ እየተከተለ ባዶ መድረክ ላይ ዞረ። አመዷ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ነው። ወደ ሞስኮ ሊወስዱት ተሞክሮ ነበር፣ ሳይሆን ቀረ።

ከ46 ዓመት በኋላ ደግሞ ማርክ ቦላን መጣ። የቲ ሬክስ ባንድ ዘፋኝ ነው፤ ስሙን ያስጠራው የ1970 ዘፈኑ ስለ ነጭ ስዋን ነበር። ልጁ ያለጊዜዬ እሞታለሁ ብሎ ስለሚፈራ መኪና መንዳት እንኳን አልተማረም። በመስከረም 1977፣ 30 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰው በሚነዳው መኪና ተሳፍሮ እየሄደ በአደጋ ሞተ። ቀብሩ ላይ ከነጭ አበባ የተሠራ ትልቅ ስዋን ይዘውለት መጡ፤ እዚሁ፣ ፓቭሎቫ ያለችበት ግቢ!

ኮሜዲያኑ ፒተር ሴለርስም እዚሁ ነው፣ 1980። የማይወደውን የግሌን ሚለር ሙዚቃ ቀብሬ ላይ አጫውቱልኝ ብሎ ነበር፣ አጫወቱለት። የመጨረሻ ቀልዱ መሆኑ ነው።

(ምስል፦ ጥቁር የመቃብር ድንጋይ)

ዘፋኟ ኤሚ ዋይንሃውስስ? እዚህ ግቢ የምትፈልጓት ካላችሁ ተሳስታችኋል። በሐምሌ 2011፣ በ27 ዓመቷ አስከሬኗ የተቃጠለው እዚህ ነው፤ አመዷ ግን የለም። በጣም ከምትወዳቸው አያቷ ከሲንቲያ አመድ ጋር ኤጅዌርበሪ የአይሁድ መካነ መቃብር ተቀብሯል። የሁለቱም ስም አንድ ድንጋይ ላይ ነው።