«ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»፦ ስለ ሶፍትዌር ሥራ ግምት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ?

ዛሬ የምናወራው ዴቨሎፐር ሁሉ ስለሚፈራት አንዲት ጥያቄ ነው። «ይሄ ነገር ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

መልሱን እናውቀዋለን። «ሁለት ቀን።» ለምን ሁለት? እንጃ። አንድ ቢሉ ጉራ ይመስላል፣ አምስት ቢሉ ስንፍና። ሁለት ማንንም አታስቀይምም።

ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳችሁ ታውቁ የለ? «ለበዓል ይደርሳል?» ትሉታላችሁ። ጨርቁን ሳይዘረጋ «ይደርሳል፣ ምን ችግር አለው!» ይላችኋል። በዋዜማው ስትሄዱ አንድ እጅጌ ቀርቷል። ሰውየው ውሸታም አይደለም። በዚያች ደቂቃ ያሰበው የእናንተን ልብስ ብቻ ነው። ከጀርባው የተቆለለው የሌላ ሰው ጨርቅ፣ የሚጠፋው መብራት፣ ለቅሶ ሊሄድ የሚችለው ረዳቱ ትዝ አላሉትም።



ይህን ጠባይ ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1979 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ በፈረንጆች ናቸው) ስም አውጥተውለታል። በአማርኛ «የዕቅድ ስህተት» እንበለው። በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ነገሩን በቁጥር አሳየ። ካናዳ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን «መቼ ትጨርሳላችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። «ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ?» ሲባሉ ወደ 49 ቀን ከፍ አደረጉት። የፈጀባቸው 55 ቀን ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ክፉ ክፉውን አስበው የሰጡት ግምት እንኳ አልበቃቸውም።

እንግዲህ ሰው ቀን መገመት ካቃተው ምን ይሻላል? ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የሚባለውን የሶፍትዌር አሠራር የጀመሩት ሰዎች መጀመሪያ የገመቱት በቀን ነበር። ግን ስብሰባ የሌለበት፣ ስልክ የማይጠራበት፣ ማንም መጥቶ «አንዴ ላስቸግርህ» የማይልበት ቀን። ወደ እውነተኛ ቀን ለመለወጥ በሦስት አካባቢ ያባዙታል። ችግሩ አለቆቹ ግራ ገባቸው። የአንድ ቀን ሥራ ለምን ሦስት ቀን ይፈጃል? ስለዚህ «ቀን» የሚለውን ቃል ጣሉትና «ፖይንት» አሉት። ስቶሪ ፖይንት የመጣው ከዚህ ነው። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሮን ጄፍሪስ ከብዙ ዓመት በኋላ «ምናልባት የፈጠርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ከሆንኩም ይቅርታ» የሚል ነገር ጽፏል። ለምን ይቅርታ እንዳለ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ፖይንት የሚለካው ሰዓት አይደለም። «ይሄኛው ከዚያኛው ምን ያህል ይከብዳል?» የሚለውን ነው። ቁጥሮቹ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 ብለው ይሄዳሉ፣ ከዚያ 20፣ 40፣ 100። ለምን ይዘላሉ? አንድ ኪሎ ሽንኩርትና ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በእጅ ይለያል። 20 ኪሎና 21 ኪሎ ግን ሚዛን ካልመጣ ማንም አይለይም። ሥራውም በገዘፈ ቁጥር ዓይናችን ይደክማል። በ13 እና በ14 መካከል መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ካርዶቹ እንምጣ። ይሄን ክፍል በጣም እወደዋለሁ።

በ2002 ጄምስ ግሬኒንግ የተባለ ሰው ፕላኒንግ ፖከር የሚባል ነገር አመጣ። እያንዳንዱ የቡድን አባል ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች ይይዛል። ሥራው ይነበባል፣ ጥያቄ ካለ ይጠየቃል። ከዚያ ሁሉም ካርዱን ይመርጥና ደፍቶ ያስቀምጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲባል እኩል ይገለበጣል።

መደፋቱ ለምን አስፈለገ? እኛ አገር ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ ምን ይላል? ሲኒየሩ «ይሄማ ሦስት ናት» ካለ አለቀ፣ ሁሉም ሦስት ነው።

እኔ የነበርኩበት ቡድን አምስት ሰው ነበር። የምንሠራው ለግል ትምህርት ቤቶች የክፍያ ሲስተም ነው። አንድ ቀን የቀረበልን ሥራ እንዲህ ይላል፦ «የይለፍ ቃሉን የረሳ ወላጅ በኤስኤምኤስ ኮድ ተልኮለት ይቀይር።» በየቦታው ያለ ነገር ነው። ካርዶቹ ተገለበጡ። 3፣ 3፣ 5፣ 3... እና 13።

13 ያወጣችው ቴስተራችን፣ ማለትም የሠራነውን የምትፈትሸው ናት። ከሁላችን ታናሽ፣ ስብሰባ ላይ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። እኔ ካርድ የተሳሳተባት መስሎኝ ነበር። «ምነው?» አልናት።

«ቅጻችን በ09 ካልጀመረ ቁጥር አይቀበልም» አለች። «ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ወላጅ ስንት ነው? እነሱ ሲመዘገቡ ምን ቁጥር ነው የገባላቸው?»

ማንም አልመለሰም። አንደኛችን ወዲያው አንድ ትምህርት ቤት ደወለ። ጸሐፊዋ በቅን ልቦና ነገረችው፦ ሲስተሙ እንቢ ሲላት የአጎታቸውን ወይም የጎረቤታቸውን 09 ታስገባለች። የኛ ኮድ የሚሄደው ለጎረቤት ነበር ማለት ነው። ጎረቤት የሰው አካውንት ይከፍታል።

እስቲ አስቡት። ያቺ ልጅ ካርዷን ባትገለብጥ ኖሮ ይህን የምናውቀው ሥራው ካለቀና አንድ ወላጅ ቢሮ ድረስ መጥቶ ከጮኸብን በኋላ ነው። ለዚህ ነው ስለ ቁጥሩ ብዙም ግድ የማይሰጠኝ። ሁሉም 3 ቢያወጣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። 3 እና 13 ሲወጣ ግን አንዱ ሌላው የማያውቀውን ነገር ያውቃል ማለት ነው። ትልቁንና ትንሹን ያወጡት ሁለቱ ያስረዳሉ፣ ከዚያ እንደገና ካርድ ይወጣል። አማካይ ወስዶ «5 እንበለው» ማለት ግን ንግግሩን መቅበር ነው።

እኛ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። የስልክ ቁጥሮቹን ማስተካከል 5፣ የይለፍ ቃሉን መቀየር 3።



ቀጥሎ ሒሳብ። ስፕሪንታችን፣ ማለትም ሥራ ቆርሰን የምንሠራበት አንዱ ዙር፣ ሁለት ሳምንት ነው። በወረቀት ላይ ለአምስት ሰው 50 የሥራ ቀን ይመስላል። ግን ዓርብ ስቅለት ነው፣ ሰኞ ደግሞ ግማሹ ሰው ከክፍለ ሀገር አልተመለሰም። ይህን ሁሉ ቀን በቀን ከመቀነስ ይልቅ ያለፈውን ማየት ይቀላል። ባለፉት ሦስት ስፕሪንቶች ያለቁት ፖይንቶች 21፣ 26 እና 19 ናቸው። አማካይ 22። ቬሎሲቲ የሚሉት ይህ ነው። የቀረን ሥራ 110 ፖይንት ቢሆን፣ በአማካዩ 5 ስፕሪንት፣ በደካማው ፍጥነት 6። ማለትም ከ10 እስከ 12 ሳምንት። በዓሉም፣ መብራት መጥፋቱም፣ ስብሰባውም ቁጥሩ ውስጥ አሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። አለቃ ቬሎሲቲ ላይ ዓይኑን የጣለ ዕለት ነገሩ ይበላሻል። «የዚያኛው ቡድን 40 ይሠራል፣ እናንተ ለምን 22?» ይላል። በሚቀጥለው ስፕሪንት የ3 ሥራ 5 ይሆናል፣ የ5 ሥራ 8። ቁጥሩ አደገ፣ ሥራው ያው ነው። ጄፍሪስን ይቅርታ ያስባለው አንዱ ነገር ይህ ነው። በስፕሪንት የሚሠራበት አሠራር ስክረም ይባላል፤ የእሱ መመሪያም በ2011 ሲታደስ፣ ቡድኑ ለስፕሪንቱ የሚያቅደውን ሥራ «ቃል መግባት» ይል የነበረውን «ትንበያ» በሚል ቀይሮታል። ይህን የማያነብ አለቃ ብዙ ነው።

እሺ፣ 110 ፖይንት አለ፣ ጊዜ የለም። የቱ ይቅደም? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

በ1994 ኦራክል ውስጥ ይሠራ የነበረው ዳይ ክሌግ ሥራዎችን በአራት ከፈላቸው፦ የግድ፣ ሊኖር የሚገባ፣ ቢኖር ደስ የሚል፣ እና ለአሁኑ የማይሠራ። ቀላል ነው አይደል? ደንበኛው ጋ ይዛችሁ ስትሄዱ ሁሉም «የግድ» ይሆናል። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ይሄ ባይኖር ሲስተሙን መክፈት እንተዋለን?» ሰውየው ትንሽ ካሰበ «የግድ» አልነበረም። የዚህ ዘዴ ምክር «የግድ» የሚባለው ከጠቅላላው ልፋት ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። የቀረው ሥራ ትርፍ ጊዜያችሁ ነው፤ ነገር ሲበላሽ የምትቆርጡት ከዚያ ነው።

ሌላው ጥያቄ «ቢዘገይ ምን ይጎዳል?» የሚል ነው። እኛ ጋ ሁለት ሥራዎች ተፋጠጡ። አንዱ የምዝገባ ደረሰኝ፣ ሌላው ወላጅና መምህር የሚያወሩበት ቻት። የሲስተሙ ባለቤት ቻቱን ወደደው፣ ያምራላ። ግን ምዝገባ የሚጦፈው ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ነው። ደረሰኙ ጥቅምት ላይ ቢደርስ ለከርሞ ይቀመጣል። ቻቱ ጥቅምት ላይም ቢደርስ ያው ቻት ነው። በዚያ ላይ ደረሰኙ 5፣ ቻቱ 20 ፖይንት ነበር። ቢዘገይ ብዙ የሚጎዳ፣ ደግሞም አጭር። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

ባለቤቱ እንዲህ ሲባል ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መቼ ያልቃል?» አለ። «10 ሳምንት ሊበቃ ይችላል፤ ለትምህርት ቤቶቹ ግን 12 ብለህ ንገራቸው። በየሁለት ሳምንቱ አዲሱን ቁጥር እናመጣልሃለን» አልነው። ፊቱ አልፈካም። ማስታወሻው ላይ 12 ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ያ የ07 ጉዳይ የገባው በመጀመሪያው ስፕሪንት ነው። 5 ብለን የገመትነው ሥራ ስንሠራው 8 ያህል ከበደን።