የሚዋልል መሪ፦ ሳጥኑን ከመነካካታችሁ በፊት

(ምስል፦ ከመኪናው ውስጥ የተቀረጸ፤ ከሐርቡ ወደ ከሚሴ የሚወስደው አስፋልት)

እጄን ተመልከቱ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ እጄ ግን አላረፈም። ትንሽ ወደ ግራ አዞራለሁ፣ መኪናው ፍንክች አይልም። ቆይቶ ደግሞ ሳልነካው ወደ ጠርዙ ይሄዳል። የሚገርመው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስወርድ ይህን ያህል አላስቸገረኝም። ኩርባ ላይ ጎማው መሪውን ወደ አንድ ጎን ስለሚገፋው መሪው በባዶ የሚዞርበት ክፍተት ይደበቃል። ጉዱ የሚታየው ሜዳ ላይ ነው።

መኪናዬ የቆየ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው፤ ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ። መጀመሪያ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ የመሪውን መዞር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው የመሪ ሳጥን ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ጠበቅ አደረጋት፣ "በቃ፣ አለቀ" አለኝ። ምኑ ያልቃል! መሪው ከበደ፣ ከኩርባ ስወጣም አልመለስ አለ። መዋለሉ ግን እዚያው ነው።

(ምስል፦ የመሪ ሳጥኑ በቅርበት)

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምንነዳው ቀጥ ብለን ስለሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች በደንብ የሚበሉት መሃላቸው ላይ ነው። ብሎኗን ስታጠብቁ የተበላው መሃል ይጠጋጋል፤ ያልተበላው ዳርና ዳሩ ግን ይጨናነቃል። ስለዚህ ሳጥኑ የመጨረሻው ነው። ከመሬት እንጀምራለን።

ጎማ። ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ ንፋሱን ለኩ። የፊት ሁለቱ እኩል ይሁኑ። ጭነቱንም አራግፉ። የጤፍ ጆንያ ከኋላ ጎማ አልፎ ከተደረደረ የመኪናው አፍንጫ ይነሳል፣ የፊት ጎማ መሬቱን በደንብ አይዝም። እንዲህ ተጭኖ "መሪው ላላ" የሚል ሰው ስንቱን አይቻለሁ።

አሁን ክፍተቱን ለኩ። ጎማው ቀጥ ብሎ፣ መሪው ጠርዝ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። መሪው በኃይል የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩን አስነሱ፣ ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ። የፊት ጎማው መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ መሪውን በቀስታ አዙሩ፤ ፕላስተሩ የሄደውን ርቀት ለኩ። የቶዮታ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ሃይሉክስ የሚፈቅደው እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። የኔው 70 ደርሶ ነበር።

(ምስል፦ ከመኪናው ሥር)

ዋናው ምርመራ ይሄ ነው። መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ ይሁን፤ ክሪክ አትጠቀሙ፣ ክብደቱ ጎማው ላይ መሆን አለበት። ጎማዎቹን በታኮ ያዙ። የወንድሜ ልጅ መሪውን ግራ ቀኝ፣ አጠር አጠር አድርጎ ይወዘውዛል። እኔ ሥሩ ተኝቼ እንቅስቃሴውን እከተላለሁ። ከመሪው ወደ ሳጥኑ የሚወርደው ዘንግ ይዞራል? አዎ። ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድስ? እሱም። ከክንዱ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግስ? እንቅስቃሴው ገብቶ የማይወጣበት ቦታ፣ ሌባው እዚያ ነው። ዓይን ካልረዳ መገጣጠሚያውን በእጃችሁ ጨብጡት፤ መንኳኳቱ መዳፋችሁ ውስጥ ይሰማል።

ሁለት ሌባ ያዝኩ። አንደኛው ቴስቲናው ነው፤ በየዘንጉ ጫፍ ያለችው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ። የጎማ ሽፋኗ ተቀዶ፣ ግራሶው አልቆ፣ አፈር ገብቶባታል። ሁለተኛውን አይቼ ሳቄ መጣ። ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር ከያዙት ብሎኖች አንዱ ላልቷል! ያ ሁሉ ሲጠብቅ ሲላላ፣ ሳጥኑ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ነበር። እዚያው ሻንሲው ተሰንጥቆ እንደሆነም እዩ።

ከዚያ ክሪክ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ግን አትግቡ፤ ማቆሚያ ይኑር። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አነቃንቁት። ከተነቃነቀ ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥ። መነቃነቁ ከቆመ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልቆመ ጎማው የሚዞርበትን ፔርኖ አካባቢ ፈልጉ።

የኋላውን ባሌስትራም አትርሱ። ባሌስትራው ጫፍ ላይ ያለው ቦኮላ (የመገጣጠሚያው ቀለበት) ካለቀ የኋላው አክስል በራሱ ጊዜ ዞር ዞር ይላል። እናንተ መሪውን ትወቅሳላችሁ፤ መኪናውን የሚነዳው ግን ኋላው ነው።

(ምስል፦ ቴስቲና ሲቀየር)

ቴስቲናውን ከመፍታታችሁ በፊት የድሮውን ርዝመት ለኩ፤ ስትፈቱም ዙሩን ቁጠሩ። አዲሱን በዚያው ቁጥር አስገቡ። ዳዶውን አጥብቃችሁ፣ እንዳይፈታ የምትይዘው ሽቦ፣ የኮፒሊያዋ ቀዳዳ ባይገጥም፣ እስኪገጥም ትንሽ አጥብቁ እንጂ አታላሉ። ኮፒሊያዋ ደግሞ አዲስ ትሁን። የብር ቤት ዕቃ አይደለችም፣ ርካሽ ናት። ይህን ጨርሳችሁ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግድ ነው። የፊት ጎማዎቹ ወደ ውጭ ከፈት ብለው ከቀሩ፣ ሁሉም አዲስ ሆኖም መኪናው ይዋልላል።

ሳጥኑስ? አብሽሩ፣ አሁን ተራው ደርሷል። የእኔዋን ብሎን መካኒኩ ያጠበቀውን ያህል መለስኳት። ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ክፍተቱ ካለ፣ ጎማውን ቀጥ አድርጋችሁ ዳዶዋን አላሉና ብሎኗን ከሩብ ዙር ባነሰ አጥብቁ፤ ብሎኗን እንደያዛችሁ ዳዶዋን መልሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። የሚይዝበት ቦታ ካለ መልሱት።

(ምስል፦ እንደገና የሐርቡ መንገድ)

ያው መንገድ ነው። ስነሳ ለካሁት፣ 20 ሚሊ ሜትር ሆኗል። እጄን ተመልከቱ።