አሮጌው ሃይሉክስ ዳገት ሲያቅተው፦ በትንሽ ወጪ ጉልበት መመለስ

(ምስል፦ ጭነት የያዘ ነጭ ፒካፕ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።)

ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ ማርሽ ነው። ነዳጁ እስከ ወለሉ ተረግጧል፣ መኪናው ግን አይነሳም። ከኋላ የተሰለፈው ሹፌር ጥሩምባውን ይለቀዋል።

የአባቴ ፒካፕ ነው። አሮጌ ሃይሉክስ፣ 3ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያለበት። እንዲህ ዓይነት መኪና ያለው ሁሉ አንድ ቀን «በትንሽ ገንዘብ ጉልበት እንዴት ልጨምርለት?» ማለቱ አይቀርም። ዛሬ ይህን እናያለን።

መጀመሪያ ጉልበቱ የት እንደሄደ እንወቅ። 3ኤል 2779 ሲሲ ነው። ሲሠራ 90 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ፣ ስለሌለው አየር የሚስበው በራሱ አቅም ነው። ያ 90 ደግሞ ቆላ ላይ፣ በባሕር ጠለል የሚገኝ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ምንም ያልተበላሸ ሞተር እንኳ ወደ 70 ይወርዳል። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ስትሆኑ፣ ይብሳል። መተሃራ ወይም አዋሽ ስትወርዱ መኪናው ድንገት ነፍስ ሲዘራ አስተውላችኋል? ማንም አልነካውም። አየር ስላገኘ ነው።

(ምስል፦ ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ጥቁር ጭስ፣ በቅርበት።)

ይህን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ጋራዥ ገብታችሁ «ጉልበት የለውም» ስትሉ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «ናፍጣውን ትንሽ ልክፈትልህ» ነው። መካኒኩ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ላይ ያለችውን ብሎን ዞር ያደርጋታል። ሞክራችሁ ስትነዱት እውነትም ይሻላል። ለአባቴም እንዲሁ ተደረገለት። አንድ ሳምንት ደስ አለን። ከዚያ ዳገት በወጣ ቁጥር መንገዱን በጥቁር ጭስ ይሸፍነው ጀመር። ወር ሳይሞላው ራዲያተሩ ውሃ መጨረስ አመጣ። ሲፈታ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ተሰንጥቋል።

ጥቁር ጭስ አየር ያላገኘ ናፍጣ ነው። የጎደለው አየር ሆኖ ሳለ ናፍጣ ሲጨመር፣ የሚጨምረው ጭስና ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚሸከሙት ደግሞ ፒስተኑና ቴስታታው ናቸው። ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ጥቁር ጭስ ካስቸገረው ብሎኗ ትንሽ መቀነስ አለባት እንጂ መጨመር የለባትም። እባካችሁ ይህቺን ነገር ለምታውቁት ሹፌር ሁሉ ንገሩ።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ከኮምፕሬሽን፣ ሞተሩ አየሩን ከሚጨምቅበት ግፊት። ምንም ዕቃ ሳትገዙ አስለኩት። መለኪያው የናፍጣ መሆኑን አረጋግጡ፣ የቤንዚኑ ይህን ግፊት አይችለውም። ደህና 3ኤል 30 ባር ገደማ ይሰጣል። ወደ 20 ከወረደ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ (የአየርና የጭስ በሩ) አልቋል፣ ያኔ ገንዘባችሁን ለሞተር እድሳት አስቀምጡ። መለኪያ ካላገኛችሁ ሞተሩን አስነስታችሁ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። እንደ ጀበና እየተነፈሰ ጭስ የሚገፋ ከሆነ ፋሻውን ጠርጥሩ።

ኮምፕሬሽኑ ደህና ከሆነ ብዙው ሥራ ርካሽ ነው። አንዱ እንዲያውም ነፃ ነው። አንድ ሰው ነዳጁን እስከ ወለሉ ይርገጥ፣ እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ ፖምፓው ላይ ያለው ክንድ መጨረሻው ድረስ መሄዱን እዩ። ከፔዳሉ የሚመጣው ሽቦ በዕድሜ ብዛት ስለሚላላ ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀርበት መኪና ብዙ ነው። ማጥበቅ ብቻ ነው።

(ምስል፦ አቧራ የጠገበ የአየር ማጣሪያ፣ አጠገቡ አዲሱ።)

የአየር ማጣሪያውን ቀይሩ። የኛ አቧራ ስለማይቻል አራግፎ መመለስ አይበቃም። የናፍጣ ማጣሪያውንም እንዲሁ፣ ታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃና ደለልም አስጠርጉ።

ከዚያ ቫልቭና ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛን መኪና የቀየረው ይህ ነው። የ3ኤል ቫልቭ ራሱን አያስተካክልም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ የአየር መግቢያው ክፍተት ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊሜትር፣ የጭስ መውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 መሆን አለበት። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ግፊት ያመልጣል። ማስተካከያው በቀጫጭን ክብ ብረቶች ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኖዝሎቹም ተፈትተው በመሞከሪያ ማሽን ይታዩ። ጥሩ ኖዝል እንደ ጉም ይረጫል፣ ያለቀው ደግሞ ያንጠባጥባል። እኛ ጋ ከአራቱ ሁለቱ ያንጠባጥቡ ነበር። ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጋ በቅርቡ ከተቀየረም የፖምፓው ታይሚንግ (ናፍጣ የሚረጭበት ሰዓት) ይለካ። በአንድ ጥርስ ቢዛባ መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ግን አይጎትትም።

የጭስ ድምፅ ማፈኛው ማርሚታ ወልቆ ቧንቧ ሲገባ ድምፁ ያምራል፣ ዳገት ላይ ግን ለውጡ ኢምንት ነው። የተጨፈለቀ ወይም የተደፈነ ከሆነ ብቻ ቀይሩት።

ጎማ ግን አይናቅም። ለመልክ ብለው ትልቅ ጎማ የሚያስገቡ አሉ። ጎማው በዲያሜትሩ 10 በመቶ ሲጨምር የመጎተት ኃይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፋብሪካው ወዳዘዘው ልክ መመለስ ሞተር ሳይነካ የሚገኝ ጉልበት ነው። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት፣ ፍሬኑ ሳይረገጥ የሚይዝ ከሆነም ጉልበቱን የሚበላው እሱ ነው።

(ምስል፦ ቱርቦ በእጅ ተይዞ።)

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ካልበቃ፣ እውነተኛው ጭማሪ ቱርቦ ነው። ለደጋ ደግሞ ተስማሚ ነው፣ ምክንያቱም የጎደለውን አየር ይመልሳል። የአዲስ አበባን አየር ወደ ባሕር ጠለል ለማድረስ የሚያስፈልገው 0.3 ባር ገደማ ግፊት ነው። እኔ ከ0.5 እንዳያልፍ እላለሁ። 3ኤል ለቱርቦ የተሠራ አይደለም። አየሩን ቀድሞውኑ 22 ለ1 ይጨምቃል፣ ብዙ ግፊት ሲጫንበት ቴስታታውና ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አይችሉትም። የጭስ ሙቀት መለኪያም አብሮ ይግጠም። ሙቀቱ ወደ 700 ዲግሪ ሲጠጋ ነዳጁን ልቀቁ። ዘይት ለቱርቦው የሚያደርሰውና የሚመልሰው ቧንቧ በጥንቃቄ ይሠራ። ከዳገት በኋላ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይሥራ።

አሁን ነዳጅ የሚጠቀም አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ብዙዎቻችን ያለንን መኪና ይዘን ነው የምንቆየው። ስለዚህ በጥንቃቄ ይያዝ።

(ምስል፦ ያው ነጭ ፒካፕ፣ ያው ዳገት።)

የአባቴ መኪና እስካሁን ቱርቦ የለውም። ቴስታታው ተቀየረ፣ ቫልቩ ተስተካከለ፣ ሁለት ኖዝል ተቀየረ፣ ጎማው ወደ ልኩ ተመለሰ። ስምንት ኩንታል ጭኗል። ስሙት፣ ሦስተኛ ማርሽ ነው።