20 ዓመት ማለት 20 ዓመት ነው

ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራንና ክቡራት የጉባኤው አባላት፣

በሕክምናና በባዮቴክኖሎጂ መስክ ፓተንት ስላገኙ ፈጠራዎች እንድናገር ተጋብዣለሁ። ርእሱ ሰፊ ነው፤ የተሰጠኝ ጊዜ ግን አጭር ነው። ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ደጋግመን አንሥተን፣ ደጋግመንም ለቀጣዩ ስብሰባ ያሳደርነውን አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ ቀርቤያለሁ። እርሱም ዘመኑ ያበቃ የመድኃኒት ፓተንት በጥቃቅን ለውጦች እየተደገፈ ዕድሜው የሚራዘምበት አሠራር ነው።

አስቀድሜ ፓተንትን የምቃወም ሰው አለመሆኔን ላስረዳ። ፓተንት ውል ነው፤ ፈጣሪው ሥራውን ሌላ ባለሙያ ሊደግመው በሚችል መልኩ ጽፎ ለሕዝብ ይገልጣል፣ ሕዝብም በምላሹ ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ ለ20 ዓመት ያህል ሌላው ያለፈቃዱ እንዳይሠራው ይከለክልለታል። ከዚህ ዘመን ብዙው በሙከራና የመሸጫ ፈቃድ በመጠበቅ እንደሚያልቅ፣ ኩባንያዎች በዚህ ማማረራቸውም ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የኢንሱሊንን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሆኖም ስንተርከው የምንዘለው ክፍል ስላለ ታገሡኝ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፣ በስኳር ሕመም መንምኖ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ግራም በወረደበት ሰዓት፣ በቶሮንቶ ከበሬ ቆሽት የተጨመቀ ቡናማ ድፍርስ ፈሳሽ በመርፌ ተሰጠው። የረባ ለውጥ አልታየም፤ ከተወጋባቸው ቦታዎች አንዱም አብጦ መግል ቋጠረ። ሐኪሞቹ መርፌውን አቆሙ። የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ጄምስ ኮሊፕ የአልኮሉን መጠን እየለዋወጠ ጭማቂውን ሲያጣራ ሰነበተና በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ልጁ እንደገና ተወጋ። በደሙ ውስጥ የነበረው ስኳር በአንድ ቀን ጊዜ በዴሲሊትር ከ520 ወደ 120 ሚሊግራም ወረደ፤ ልጁም ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እናስተምራለን። ኢንሱሊንን ያገኙት ባንቲንግና ቤስት፣ ከእነርሱም ጋር ኮሊፕ ግን መላእክት አልነበሩም፤ ኮሊፕ የማጣራቱን ዘዴ ለባልደረቦቹ አልናገርም ባለ ጊዜ ጠቡ እጅ እስከ መሰናዘር እንደ ደረሰ በታሪክ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። እነዚሁ የተጣሉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ በ1923 መብታቸውን እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተላለፉት። ፓተንቱ የተፈለገበት ምክንያት ሌላ ሰው ቀድሞ አስመዝግቦ ሥራውን እንዳያግድና ጥራቱ ያልተጠበቀ ኢንሱሊን እንዳይሸጥ ነበር። የምንዘለው ይህንን ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከስኳሩ መውረድ ባልተናነሰ ሊነገር የሚገባው ነው።

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ኮኸንና ቦየር ዲ.ኤን.ኤን፣ ማለትም የዘር መረጃ የሚይዘውን ሞለኪውል፣ ቆርጦ የመቀጠል ዘዴያቸውን ለማስመዝገብ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው በ1974 ባመለከቱ ጊዜም ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። ፓተንቱ በ1980 ሲሰጥ የመጠቀም ፈቃዱ ለአንድ ኩባንያ ብቻ አልተሸጠም፤ ለጠየቀ ሁሉ በክፍያ ተሰጠ፣ ፈቃድ የወሰዱትም በመቶዎች ተቆጠሩ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ገንዘቡን አገኙ፣ ዘርፉም አደገ፣ መብቱም፣ በወቅቱ የአሜሪካ ሕግ ዘመኑ ፓተንቱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ 17 ዓመት ነበርና፣ በ1997 በጊዜው አበቃ። በጊዜው አበቃ ያልሁትን ልብ በሉልኝ።

አሁን ደግሞ ሁሚራ በሚል ስም የሚሸጠውን አዳሊሙማብን ተመልከቱ። ለሩማቶይድ አርትራይተስ (ለመገጣጠሚያ ብግነት)፣ ለክሮንስ (ለአንጀት ብግነት) እና ለሌሎች ሕመሞች ብዙ የጠቀመ፣ የሚደነቅ አንቲቦዲ፣ ማለትም የመከላከያ ፕሮቲን ነው። በአሜሪካ ዋናው ፓተንቱ በ2016 አበቃ። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ኩባንያ በፈሳሹ ቅመራ፣ በአወሳሰዱ መጠን፣ በአመራረቱ ሂደት ላይ ከ100 በላይ ፓተንቶችን አስመዝግቦ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ያለው ታማሚ ርካሹን ባዮሲሚላር፣ ማለትም በሌሎች ኩባንያዎች የሚሠራውን ተመሳሳይ መድኃኒት፣ በ2018 ሲያገኝ አሜሪካ ውስጥ ያለው እስከ 2023 ጠበቀ። ሞለኪውሉ አንድ ነው፣ ሕመሙ አንድ ነው፣ ባዮሲሚላሩን ከሚሠሩት ኩባንያዎች ብዙዎቹ እንኳ እነዚያው ናቸው። ታዲያ በእነዚያ ከአራት የሚበልጡ ዓመታት ውስጥ ታማሚው የከፈለው ለየትኛው ግኝት ነው? ለየትኛው የላቦራቶሪ ሌሊት ነው? የከፈለው ለጠበቃ ነው!

ለዚህ ልታጨበጭቡ የተዘጋጃችሁ ጥቂት ቆዩ። የነባሩን መድኃኒት ንጥረ ነገር ሳንነካ የተጣመረበትን ጨው ብቻ ቀይረን፣ ወይም ሁለት ጊዜ የሚዋጠውን አንድ ጊዜ የሚዋጥ አድርገን እንደ አዲስ እናስመዝግብ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ምንም ሳትጠይቁ የፈረማችሁ በዚህ አዳራሽ አላችሁ። ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

መፍትሔው ከሰማይ የሚጠበቅ አይደለም። የሕንድ ሕግ የታወቀ ንጥረ ነገር አዲስ መልክ ቢይዝም ፈዋሽነቱ መጨመሩ ካልተረጋገጠ ፓተንት አይሰጠውም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2013 ግሊቬክ ለተባለው የካንሰር መድኃኒት ፓተንት የቀረበውን አቤቱታ የጣለው በዚህ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰውነት ተነጥሎ የወጣ ዘረመል የተፈጥሮ ውጤት ስለሆነ ፓተንት አይገባውም ሲል በሙሉ ድምፅ ወስኗል። የ2001 የዓለም ንግድ ድርጅት የዶሃ መግለጫ ለመንግሥታት ስላረጋገጠው የአስገዳጅ ፈቃድ መብት፣ ማለትም ያለ ባለ ፓተንቱ ፈቃድ ሌላ አምራች እንዲሠራ ስለ መፍቀድ፣ ከእኔ በኋላ የሚናገሩት በሰፊው ያነሡታልና አልፈዋለሁ።

በእጃችሁ ያለው ረቂቅ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ ግኝት ፓተንት ሲወጣለት የፈቃዱ ውል በይፋ እንዲታተም ነው። ሁለተኛው፣ አባሎቻችን በሁለተኛ ፓተንት፣ ማለትም በነባር መድኃኒት ላይ ለተደረገ ለውጥ በሚጠየቅ ፓተንት፣ ማመልከቻ ላይ ባለሙያ ሆነው ከመፈረማቸው በፊት ለውጡ ለታማሚው የሚያስገኘውን ጥቅም በጽሑፍ እንዲያስረዱ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ባለፈው ጊዜ «ለተጨማሪ ጥናት» ተብሎ የተመለሰው ነው፤ ዛሬ በስም ጥሪ ድምፅ እንዲሰጥበት አመለክታለሁ። ክቡር ሰብሳቢ፣ መድረኩን አስረክባለሁ።